ደርግ ሄደ፣ ዛፉ ቀረ

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ ገዋኔ በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው፣ ግራና ቀኙን ያጠረውን እሾሃማ ዛፍ ሳያይ አያልፍም። ሣሩ አልቆ፣ ከብቱ ከስቶ፣ መሬቱ ተሰነጣጥቆ እንኳ እሱ አረንጓዴ ነው። ሳይንሱ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ይለዋል። አፋሮች ደርጊ ሃራ ይሉታል፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። በዚያው አካባቢ አማርኛ የሚናገረው ሰው ደግሞ ወያኔ ይለዋል። አንድ ዛፍ፣ ሁለት መንግሥት። ሁለቱም መንግሥታት ወርደዋል፤ ዛፉ ግን ዛሬም መሬት እየጨመረ ነው።

ይሄን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እነዚህ ሁለት ስሞች ናቸው። አንድ ተክል «ኢትዮጵያ ውስጥ ተመዘገበ» የሚባለው ናሙናው ደርቆ ወረቀት ላይ ሲለጠፍ፣ ከግርጌው የተገኘበት ቦታ፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስም ሲጻፍ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም በእንዲህ ያሉ ወረቀቶች የተሞላ ነው። ከ1989 እስከ 2009 በስምንት ቅጽ የታተመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍም፣ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን የያዘው፣ የተሠራው በእነሱ ላይ ተመሥርቶ ነው። (ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ወረቀቱ ግን ማን አመጣው፣ ለምን አመጣው፣ በማን መሬት ላይ ተከለው የሚለውን አይጽፍም። ያንን የሚመዘግቡት ገበሬውና አርብቶ አደሩ ናቸው። መዝገባቸውም ስም ነው።

ድሮ ከውጭ የመጣ ተክል አንድ ማኅተም ነበር የሚመታበት፦ ባሕር። በቆሎ በሰሜኑ አካባቢ የባሕር ማሽላ ይባላል። ማሽላ የራሳችን ነው፣ ያኛው ደግሞ የባሕሩ። በክረምት ትግራይ ውስጥ ልጆች እየላጡ የሚሸጡት በለስም በትግርኛ ቁልቋል ባሕሪ የሚል ስም አለው። ቁልቋሉ የአገሬው ነው፤ ከሜክሲኮ የተነሣውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የደረሰው እሾሃም ዘመድ መሳይ ደግሞ የባሕር ሆነ። ባሕር ዛፍም እንደዚያው ነው። ከባሕር ማዶ መጣ፣ በቃ። ስሙ አይወቅስም፣ አያመሰግንም። ፓስፖርት ላይ እንደሚመታ ማኅተም ነው፤ መግቢያውን ብቻ ይናገራል።

አንዳንዱ እንግዳ እንዲያውም የባለቤቱን ስም ወስዶ ቁጭ ይላል። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር በ1858 ድንች እንዳስገባ ይነገራል። ድንች የሚለው ቃል ግን ከዚያ በፊትም ነበር፤ አገር በቀል የሆነ ሌላ ሥራሥር ይጠራበት ነበር። ዛሬ ያ ባለአገሩ ተክል ራሱን ለማስተዋወቅ ቅጽል ያስፈልገዋል፤ የወላይታ ድንች፣ የኦሮሞ ድንች እየተባለ ነው የሚጠራው። እንግዳው ድንች ብቻ ነው፣ ያለ ቅጽል። በርበሬንማ ተዉት። ከኮሎምበስ በፊት አንድ ፍሬ በርበሬ በዚህ አገር አልነበረም፤ አሁን ግን ዶሮ ወጥ ያለ በርበሬ ይሠራ ቢባል የባህል ጥቃት ነው የሚሆነው።

ባሕር ዛፍን ግን በአንድ መስመር ማለፍ አይቻልም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተመሥርታ ገና አሥር ዓመት ሳይሞላት ማገዶ ቸገራት። ነገሩ አዲስ አልነበረም። የቀድሞ ነገሥታት ከተማቸውን እያነሡ የሚጥሉበት አንዱ ምክንያት ይሄው ነበር፤ ጭፍራው በሰፈረበት ዙሪያ ያለው ደን ያልቃል፣ ከዚያ ድንኳኑ ተነቅሎ ወደሚቀጥለው ጫካ ይኬዳል። ምኒልክም ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዲስ ዓለምን አቋቋሙና ዋና ከተማውን ወደዚያ ለማዛወር አሰቡ። ሥራውም ተጀመረ።

ከተማዋን በቦታዋ ካቆዩዋት ነገሮች ዋናው ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። በ1890ዎቹ አጋማሽ አስገባው የሚባለው ሞንዶን ቪዳይዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ የንጉሡ አማካሪ የነበረ፣ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍም የጻፈ ሰው። ዛፉ በአምስት ስድስት ዓመት ለማገዶና ለአጠና ይደርሳል። ሲቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ከብት አይበላውም፣ ስለዚህ አጥር አይፈልግም። ምኒልክ ችግኙ በርካሽ እንዲከፋፈል አደረጉ፣ ለተከለም ግብር አቀለሉ። የአዲስ ዓለም ነገር ቀረ፤ እዚያ የተጀመረው ሥራ በመጨረሻ ለቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሩቅ ሲያዩዋት ከተማ ሳትሆን ጫካ የምትመስል ሆነች።

እንግዲህ ዋና ከተማችን ባለችበት የቀረችው በመጤ ዛፍ ነው ማለት እችላለሁ፣ ብዙም አላጋነንኩም።

ጥርጣሬው ግን ወዲያው ነው የመጣው። በ1913፣ ምኒልክ አልጋ ላይ ሳሉ፣ ከባሕር ዛፉ ሁለት ሦስተኛው ይነቀል የሚል ትእዛዝ ወጣ። ማን ይንቀለው? እንጀራ የሚጋገረው በእሱ ቅጠል፣ ቤት የሚቆመው በእሱ አጠና ነበር። ትእዛዙ ወረቀት ላይ ቀረ። ውኃ ይመጥጣል፣ ከሥሩ ሌላ ነገር አያበቅልም የሚለው ክስ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላባራም። በ1997 የትግራይ ክልል በእርሻ መሬት ላይ መትከሉን ከለከለ። ገበሬው ግን መትከሉን አላቆመም፤ ለልጁ ሠርግ፣ ለልጅቷ ትምህርት፣ ለክፉ ቀን ያለችው ባንክ ያቺ ጥግ ላይ የቆመችው ባሕር ዛፍ ናትና። ከእንጦጦ ጫፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶችም ስለ ዛፉ የውኃ ፍጆታ ብትጠይቋቸው መልሳቸው አጭር ይመስለኛል።

ክሱ ሐሰት ነው አላልኩም። ውኃ ይጠጣል፣ ምንጭ አጠገብ መተከሉም ስሕተት ነው። ግን አንድ ልዩነት አለ፣ የዚህ ሁሉ ታሪክ መለያያ ነው፦ ባሕር ዛፍ በእኛ አገር ሰው የተከለው ቦታ ላይ ነው የሚገኘው። በራሱ ዘሩን ነዝቶ ማሳ ሲወርር እምብዛም አይታይም። የሚተክለውም፣ የሚሸጠውም፣ ሲሰለቸው የሚቆርጠውም ባለመሬቱ ነው።

አሁን ወደ አዋሽ እንመለስ። እዚያ የሆነውን ለማወቅ ከዛፉ በፊት ጥጡን ማንሣት ግድ ነው። በ1961 የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር ሆኖ ተንዳሆ ላይ የጥጥ እርሻ ጀመረ። በዓመቱ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በመስኖ የተያዘው መሬት ባዶ መሬት አልነበረም። ወንዙ ሞልቶ ሲፈስስ የሚያጠጣው፣ በበጋ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ አፋሮች ከብታቸውን የሚያወርዱበት ግጦሽ ነበር። አርብቶ አደር ሰፊ አገር አለው ይባላል፤ እውነቱ ግን ዓመቱን የሚያሻግረው ያቺ በወንዝ ዳር ያለችው ጠባብ መሬት ናት። እሷ ከተወሰደች የቀረው ስፋት ብዙም ትርጉም የለውም። በ1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን ሲወርስ እርሻዎቹ የመንግሥት ሆኑ። ግጦሹ ለአፋሮች አልተመለሰም።

ፕሮሶፒስ የመጣው በዚህ ላይ ነው። የትውልድ አገሩ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ድሬዳዋ ውስጥ በጎሮ ችግኝ ጣቢያ ተፈላ፤ በ1980ዎቹ በመካከለኛው አዋሽ፣ አሚባራ ላይ፣ በጥጥ እርሻዎቹ ዙሪያና በሠራተኞች መንደር ተተከለ። ያመጡት ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ድርቅ ይችላል፣ ነፋስ ይሰብራል፣ አሸዋ ይይዛል፣ ጥላ ይሆናል፣ ማገዶ ይሰጣል። ሰባ ሰባትን ያየ ባለሙያ እንዲህ ያለ ዛፍ ቢያገኝ ተአምር ነው ቢል አይፈረድበትም። በምግብ ለሥራ መርሐ ግብርም ሕዝቡ ራሱ ጉድጓድ እየቆፈረ ተከለው።

ያልታሰበው ፍሬው ነው። ጣፋጭ ነው። ግመልም፣ ፍየልም፣ ላምም ትወደዋለች። ዘሩ ጠንካራ ቅርፊት ስላለው በከብት ሆድ ውስጥ አልፎ በሕይወት ይወጣል፤ ቅርፊቱ ለስልሶ፣ እበት ተጨምሮለት፣ ከተበላበት ቦታ ብዙ ርቆ። አርብቶ አደር ደግሞ ሥራው መጓዝ ነው። ስለዚህ ዛፉ የአፋርን ምድር የተከፋፈለው በአፋሮች በራሳቸው መንጋ እግር ነው። ሲቆርጡት ከሥሩ አሥር ሆኖ ያቆጠቁጣል። ጥቅጥቅ ሲል መንጋ አያሳልፍም፣ እሾሁ የከብት ሰኮና ይወጋል፣ የመኪና ጎማ ያፈነዳል፣ ከሥሩ ሣር አይበቅልም። በ35 ዓመት ገደማ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን ሔክታር በላይ የአፋር መሬት ያዘ፤ ከክልሉ ስፋት ወደ 12 በመቶ ነው። የያዘው ደግሞ የትም አይደለም፤ እርጥበት ያለበትን፣ ወንዝ ዳሩን፣ ሜዳውን ነው። ጥጡ ያስተረፈውን።

ስለዚህ ደርጊ ሃራ የሚለውን ስም እንደ ቀን ብቻ ማንበብ ያሳንሰዋል። ያ ስም አንድ ክስ ነው፤ ከእርሻው ጋር መጣ፣ ከሚያዝዘው ጋር መጣ፣ እኛን ማንም አልጠየቀንም ይላል። ወያኔ የሚለው ደግሞ የሚቀጥለውን ምዕራፍ ይናገራል፤ ወረራው ዓይን ያወጣው ከ1990ዎቹ ወዲህ ነውና። በእነዚያ ዓመታት ፍሬውን ፈጭታችሁ መኖ አድርጉት፣ እንጨቱን አክስሉት የሚል ምክር መጣ። ማኅበራት ተቋቁመው ከሰል ማምረት ጀመሩ። ከሰሉ ገበያ ሲያገኝ ግን ሁሉም ጆንያ ውስጥ ያለው ፕሮሶፒስ አልሆነም፤ አገር በቀሉ ግራርም በዚያው ሰበብ ወደቀ። ብሔራዊ የፕሮሶፒስ ስትራቴጂ የወጣው በ2017 ነው፣ ዛፉ ከተተከለ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ።

ጎረቤታችን ኬንያም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባሪንጎ ሐይቅ አካባቢ ይሄንኑ ዛፍ ለማገዶ ተክላ ነበር። እዚያ ስሙ ማቴንጌ ነው፤ ያስተዋወቀው ሰው ስም ነው ይባላል። የፍሬው ስኳር የፍየሎቹን ጥርስ ጨረሰ። ኢልቻሙስ የተባሉት የአካባቢው ሰዎች በ2000ዎቹ አጋማሽ መንግሥትን ከሰሱና ጥርስ የሌላት ፍየል ናይሮቢ ፍርድ ቤት ድረስ በማስረጃነት ይዘው ቀረቡ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ችሎት አልነበረም። የእኛ ክስ ስሙ ውስጥ ነው ያለው።

ከአዋሽ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሐረርጌ ስንወጣ ሌላ ስም ይጠብቀናል። ፓርቴኒየም የተባለው ነጭ አበባ ያለው አረም በድሬዳዋና በሐረርጌ በ1988 ነው የተመዘገበው። ኦሮምኛ ተናጋሪው ገበሬ ፈረምሲሳ አለው። ቃሉን የአማርኛ ተናጋሪ ሳይተረጎምለት ይሰማዋል፤ ፊርማ አለበት። አስፈራሚ ነው። ይሄ አረም የገባበት ማሳ ከእንግዲህ የአንተ አይደለም፣ ፈርመህ ልቀቅ ማለት ነው። በዚያ ዘመን በገጠር የሚፈረመው ወረቀት ብዙ ጊዜ ምን ዓይነት እንደነበር ለሚያውቅ ሰው ስሙ ቀልድ ብቻ አይደለም። ሶማልኛ ተናጋሪው ደግሞ ከሊግኖሌ ይለዋል፣ ብቻውን ኗሪ። ይሄኛው ስም ከሳይንሱ ጋር ቃል በቃል ይገጥማል፤ ተክሉ ከሥሩና ከቅጠሉ በሚያመነጨው ንጥረ ነገር ጎረቤቶቹ እንዳይበቅሉ ያደርጋል። አንዱ እግር እስከ 25,000 ዘር ሊሰጥ ይችላል። ሐረርጌ ውስጥ በተደረገ ሙከራ ካልታረመ የማሽላውን ምርት እስከ 97 በመቶ እንደሚያጠፋ ታይቷል። የሚያርመው ሰው ቆዳው ይቆጣል፣ የበላችው ላም ወተቷ ይመርራል።

በምን ገባ ለሚለው ሁለት መልስ ይሰጣል። አንዱ በሰባ ሰባቱ ረሀብ በመጣው የእርዳታ ስንዴ ውስጥ ነው የሚል ነው፤ ቀድሞ የታየው እርዳታ በሚታደልባቸው ቦታዎች አካባቢ ነበርና። ሌላው በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ በተንቀሳቀሱት የጦር ተሽከርካሪዎች ጎማ ነው ይላል። እኔ አንዱን ለመምረጥ አልቸኩልም። ጦርነትና ረሀብ በዚያ ምድር በተከታታይ አልፈዋል፣ አረሙ በሁለቱም ቢመጣ የሚያስገርም አይደለም።

ሕንዶች ይሄንኑ አረም የኮንግረስ ሣር ይሉታል። በ1950ዎቹ አጋማሽ ፑኔ ከተማ አጠገብ ታየ፤ ከአሜሪካ በእርዳታ ከመጣ ስንዴ ጋር ገባ ተባለ፤ ገበሬው በገዢው ፓርቲ ስም ጠራው። አማርኛ ተናጋሪው ገጠራችን በበኩሉ ቅንጬ አረም ይለዋል፣ አበባው ቅንጬ ስለሚመስል። በሆዱ ነው ያሰበው፣ አይፈረድበትም።

ልብ ካላችሁ አንድ ነገር ተቀይሯል። የባሕር ማሽላ፣ ባሕር ዛፍ፣ ቁልቋል ባሕሪ የሚሉት ስሞች ከየት እንደመጣ ብቻ ይጠይቃሉ። ደርጊ ሃራ፣ ወያኔ፣ ፈረምሲሳ የሚሉት ግን ማን እንዳመጣብን ይጠይቃሉ። በመካከል የገባው መንግሥት ነው፤ የእርሻ ፕሮጀክት፣ የችግኝ ጣቢያ፣ የእርዳታ መጋዘን፣ የጦር ካምፕ ይዞ እስከ ማሳው ድንበር የደረሰ መንግሥት። በቆሎን ነጋዴና መንገደኛ አመጣው፤ ገበሬው ቀመሰው፣ ወደደው፣ ዘራው። ባሕር ዛፍን ንጉሥ ነው ያስመጣው፤ የመትከሉና የመሸጡ ጥቅም ግን በተከለው እጅ ቀረ። ፕሮሶፒስን የተከሉት ሰዎች ፍሬው ወደሚወድቅበት ግጦሽ ከብት አያሰማሩም ነበር።

እምቦጭን የምታስታውሱት ይመስለኛል፤ የዚያ ዘመቻ ቲሸርት እቤቱ ያለው አንባቢ አይጠፋም። ከአማዞን የተነሣው ይሄ የውኃ አረም በቆቃና በአዋሽ ወንዝ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ነበር። ለሃምሳ ዓመት ያህል ዘፈን አልወጣለትም። በ2011 ጣና ላይ ሲታወቅ ግን የአገር ጉዳይ ሆነ፣ በደምቢያ በኩል ወጣቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። መንቀሉ ጥሩ ነበር። እምቦጭ የሚደልበው ግን ከተራራው ታጥቦ በሚመጣው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማ በሚወርደው ፍሳሽ ነው። የዚህኛው አመጣጥ በከፊል በየማሳችንና በየቦያችን ስለሚያልፍ ይሆን በማንም ስም ያልተጠራው?

እግረ መንገዴን አንድ ቃል ላንሣ። በመሥሪያ ቤት አማርኛ እነዚህ ተክሎች «መጤ ወራሪ አረም» ይባላሉ። መጤ የሚለው ቃል በዚህ አገር በሰው ላይ ምን እንደሠራ ሁላችንም እናውቃለን፣ ስንቱ ቤቱን ጥሎ የወጣው በዚህች ቃል ነው። ስለዚህ ለአረምም ቢሆን ስጠቀምባት ጥርሴን ይቆረጥመኛል። ለነገሩም አትጠቅምም። በርበሬም መጤ ነው። የፕሮሶፒስ ጥፋቱ ሜክሲኮ መወለዱ አይደለም፤ ሣሩን መጨረሱ፣ መንገዱን መዝጋቱ ነው። ወራሪ የምትለዋ ለብቻዋ ትበቃለች።

ፓርቴኒየምን ለመግታት ከተሞከሩት ዘዴዎች አንዱ ራሱ ሌላ እንግዳ ማስገባት ነው። ዚጎግራማ የምትባል ቅጠል የምትበላ ጥንዚዛ አለች፤ አገሯ ሜክሲኮ ነው፣ ወደ እኛ የመጣችው ግን በደቡብ አፍሪካ በኩል ነው። እንደ መጣች አልተለቀቀችም። በዝግ ቤት ተይዛ ለዓመታት ተፈተነች። ዋናው ፈተና ኑግ ነበር። ኑግ የራሳችን ሰብል ነው፣ ከፓርቴኒየም ጋር ደግሞ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው፤ ጥንዚዛዋ አረሙን ጨርሳ ወደ ኑጉ ብትዞር ዘይቱ ሁሉ አደጋ ላይ ነው። የተለያዩ የኑግ ዓይነቶች አንድ በአንድ ቀረቡላት። ኑግ ላይ ኑሮ እንደማትመሠርት ሲረጋገጥ፣ በ2010ዎቹ አጋማሽ ወለንጪቲ አካባቢ፣ አረሙ በሞላበት ማሳ ላይ ተለቀቀች።